አባዬ ታንኳ ይቆጥራል፤ ነርቩ ተጎድቷል የሚሉት በምን አውቀው ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ባሕር ዳር ትኖራለች። አባቷ 61 ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት ዘጌ ነው። የማንበቢያ መነጽር ሊያሠሩ ከተማ ገቡና ዓይናቸውን ተመረመሩ። ወረቀቱ ላይ «ሲዲ ሬሾ ቀኝ 0.8፣ ግራ 0.5፤ የዓይን ግፊት ቀኝ 19፣ ግራ 18፤ ግላኮማ» ተብሎ ተጻፈ። ማታ ማታ የሚደረግ ጠብታ ታዘዘላቸው፤ ዕድሜ ልክ ነው ተባሉ። «አባዬ እኮ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሐይቁ ላይ ያለውን ታንኳ ይቆጥራል» ትላለች። «ግፊቱም ኖርማል ነው ተብሏል። ሐኪሙ መብራት አብርቶ ሁለት ደቂቃ ቢያየው፣ ነርቩ እንደተጎዳ በምን አወቀ? ጠብታውን እንጀምር ወይስ መጀመሪያ ጸበል ይግባ?»

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ምርመራ ክፍል ውስጥ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። አንዳንዱ ፊት ለፊት ይጠይቀኛል። አንዳንዱ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከትና በዚያው ይቀራል። የሚያስፈራኝ ዝም ብሎ የሚሄደው ነው። አንቺ መጠየቅሽ ጥሩ አደረግሽ።

ደረቁን መልስ ላስቀድም። ግላኮማ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ ነው። ሐኪሙ አየሁ ያለው ነገር በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ግምት አይደለም። አባትሽ ታንኳ መቁጠራቸውም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። የተጎዳ ነርቭና ጥሩ ዕይታ ለዓመታት አብረው ሊቆዩ ይችላሉ። የዚህ በሽታ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው።

አሁን ምን እንደሚታይ ላሳይሽ። የሰውን ገላ ሳንቀድ ነርቭን በቀጥታ የምናየው በዓይን በኩል ብቻ ነው። ድሮ ብሌን ለሐኪምም ጥቁር ቀዳዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1851 ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የዓይንን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ይፋ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ነው ወደ ውስጥ ማየት የቻልነው። ዛሬ ደግሞ ስሊት ላምፕ በሚባለው ማጉያ ላይ ትንሽ ሌንስ እንጨምራለን፤ ነርቩ ተልቆ ከነጥልቀቱ ይታያል። ልምድ ላለው ዓይን ሁለት ደቂቃ አታንስም።

የዓይን ኋላ ግድግዳ ሬቲና በሚባል ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ተለብጧል። ከሬቲና ላይ አንድ ሚሊዮን ገደማ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይነሣሉ። ከየአቅጣጫው መጥተው አንድ ቦታ ይሰበሰቡና ተጠቅልለው ወደ አንጎል ይሄዳሉ። ጣናን አስቢው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በየአቅጣጫቸው ይገባሉ። የተፈጥሮ መውጫው ግን አንድ ዓባይ ብቻ ነው፤ እሱም ባሕር ዳር ጨራ ጨራ ላይ። የዓይን ጨራ ጨራ ዲስክ ይባላል። ስፋቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ሐኪሙ ያየው ያንን ነው።

ክሮቹ ከዙሪያው መጥተው ወደ ውስጥ ሲታጠፉ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። ጎድጓዳውን ካፕ እንለዋለን። ዙሪያውን የከበበው ብርቱካን የመሰለ፣ ቀላ ያለ ጠርዝ ነው። ጠርዙ ራሱ ነርቩ ነው፤ ክሮቹ በሙሉ በእሱ ውስጥ ነው የሚያልፉት። ክሮች ሲሞቱ ጠርዙ ይሳሳል፣ ጎድጓዳው ይሰፋል። ሲዲ ሬሾ የሚባለውም ይኸው ነው፦ የጎድጓዳው ቁመት ከጠቅላላው ዲስክ ቁመት ምን ያህሉን እንደያዘ። 0.3 ማለት ከአሥር ሦስት እጁን ነው። 0.8 ከሆነ ለጠርዙ የቀረው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በይ። 0.8 የሚለው ቁጥር ብቻውን አያስደነግጠኝም። አንዳንድ ሰው ሲፈጠርም ዲስኩ ትልቅ ነው። ትልቅ ዲስክ ላይ ያው ክር ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚዘረጋ ጎድጓዳውም ትልቅ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው አርጅቶም ምንም ላይሆን ይችላል። ትንሽ ዲስክ ላይ ደግሞ 0.5 ራሱ የከፋ በሽታ ሊሆን ይችላል። በአባትሽ ወረቀት ላይ ዓይኔ ያረፈው በሁለቱ ዓይኖች ልዩነት ላይ ነው። የአንድ ሰው ሁለት ነርቮች እንደ መንታ ናቸው። ልዩነታቸው 0.2 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ የዲስኮቹ ስፋት እኩል ከሆነ፣ እጠረጥራለሁ። የእሳቸው 0.3 ነው።

ከቁጥሩ በላይ የማምነው ጠርዙን ነው። በብዙ ጤነኛ ሰው ላይ ወፍራሙ የታችኛው ጠርዝ ነው፤ ቀጥሎ የላይኛው፣ ቀጥሎ በአፍንጫ በኩል ያለው። በጆሮ ግንድ በኩል ያለው ከሁሉ ይሳሳል። ይህ ቅደም ተከተል በሁሉም ሰው ላይ አይሠራም፤ ግን ሲዛባ ቆም ብዬ እንዳይ ያደርገኛል። ግላኮማ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ወፍራም ከሆነው ቦታ፣ ከታች ወይም ከላይ ነው። መሃሉ ክብ ሆኖ መስፋቱን ይተውና ወደ አንድ ጎን ይሾላል። ጠርዙ ከዳር እንደተቆረሰ እንጀራ ይሆናል። እዚያ ቦታ ላይ የደም ሥሩን እከተላለሁ። ጠርዙ ላይ ይመጣል፣ ገደል አፋፍ ላይ እንደደረሰ መንገድ ይሰወራል፣ ከዚያ ታች ጎድጓዳው ውስጥ ሌላ ቦታ ላይ ብቅ ይላል። ይህን ካየሁ «ሲፈጠርም እንዲህ ነው» ለማለት አፌ አይደፍርም።

አንዳንዴ ደግሞ ጠርዙ ላይ ቀጭን የደም ጭረት ትገኛለች። በምላጭ ጫፍ እንደተነካች ቆዳ፣ ያን ያህል ብቻ ቀልታ። አታምም። ታማሚው ምንም አይታወቀውም። ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ቆይታ ትጠፋለች። በብሌን ማስፊያ ጠብታ ሳይታይ የተመለሰ ሰው ላይ በቀላሉ ታመልጣለች። እኔ ግን ከማየው ሁሉ የበለጠ የምፈራት እሷን ነው፤ ነርቩ አሁንም እየተጎዳ ሊሆን እንደሚችል ትናገራለችና። እ.ኤ.አ. በ1970 የካናዳው ሐኪም ስቲቨን ድራንስ ትኩረት እንዲሰጣት ካደረገ ወዲህ በስሙም ትጠራለች።

አረንጓዴ መብራትም አለን። በአረንጓዴ ብርሃን ሬቲና ሲታይ የነርቭ ክሮቹ እንደ ተበጠረ የሐር ክር ያብለጨልጫሉ። ክሮቹ የሞቱበት ቦታ አያብለጨልጭም። ከዲስኩ የሚነሣ፣ ወደ ውጭ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ሽንጥር ሆኖ ይታያል። የጠርዙ መቆረስና ጥቁሩ ሽንጥር በአንድ አቅጣጫ ከተገጣጠሙ ለእኔ ሁለት ምስክር ናቸው።

በነገራችን ላይ በዚህ ሌንስ የምናየው ሁሉ የተገለበጠ ነው፤ ላዩ ታች፣ ቀኙ ግራ። ሐኪሙ ሲሥል ወረቀቱን ገልብጦ ብታዪው ግር አይበልሽ። ሥዕሉ ግን ካለ ትልቅ ነገር ነው፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን «ታዲያ እንዴት ያያል?» ወደሚለው እንምጣ። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሞክሪ። ነጭ ወረቀት ላይ በግራ በኩል መስቀል፣ በቀኝ በኩል ጠቆር ያለች ነጥብ አድርጊ። በመካከላቸው 8 ሳንቲ ሜትር ይኑር። ግራ ዓይንሽን ሸፍኚ። በቀኝ ዓይንሽ መስቀሉን ብቻ እያየሽ ወረቀቱን 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያዢውና ቀስ ብለሽ አቅርቢው፣ አርቂው። ነጥቧ የሆነ ቦታ ላይ ድርግም ብላ ትጠፋለች። ያ ቦታ ዲስክሽ ነው። ዲስክ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሴል ስለሌለ ሁላችንም እዚያ ዕውር ነን። ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ እዚያ ቦታ ላይ ቀዳዳ አይተሽ ታውቂያለሽ? አታውቂም። አንጎል በዙሪያው ባለው ይሞላዋል። ነጥቧ ስትጠፋም ጥቁር ቀዳዳ አይታይሽም፤ ነጭ ወረቀት ነው የሚታይሽ።

ግላኮማም እንደዚሁ ነው። የሚበላው ጎን ጎኑን ነው። አንዱ ዓይን የሳተውን ሌላው ያይለታል፤ ሁለቱም የሳቱትን አንጎል ይደፍነዋል። ግድግዳ ላይ ያለው የፊደል ሰሌዳ የሚለካው መሃሉን ብቻ ነው። ታንኳ መቁጠርም የመሃል ሥራ ነው። በዕይታ ስፋት መለኪያ ማሽን ላይ ጉድለቱ ጎልቶ ሲወጣ ከክሮቹ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሞተዋል። በሌላ አነጋገር ነርቩ ከሰውየው ቀድሞ ይናገራል። የሞተ ክር ደግሞ አይመለስም። በጠብታም፣ በቀዶ ሕክምናም፣ በመነጽርም። የምናድነው የቀረውን ነው።

ግፊቱ ኖርማል ነው የተባለውስ? በተለምዶ ከ10 እስከ 21 ያለውን ኖርማል እንላለን። ግን ያ ቁጥር የብዙ ሰው መሃከለኛ ነው እንጂ የእያንዳንዱ ነርቭ የመቻል ልክ አይደለም። በ19 የሚጎዳ ነርቭ አለ። በ25 ለዓመታት ደህና የሚቆይ አለ። በዚያ ላይ ግፊት በቀን ውስጥ ይወጣል ይወርዳል። አባትሽ የተለኩት ከሰዓት ከሆነ ጠዋት ምን እንደነበረ አናውቅም። የፊተኛው መስታወት፣ ኮርኒያው፣ ስስ ከሆነም መሣሪያው ከእውነተኛው አሳንሶ ያነባል። ስለዚህ «ግፊቱ ደህና ነው፣ ግላኮማ የለህም» የሚል ሰው ሲያጋጥምሽ ነርቩን አይቶት እንደሆነ ጠይቂው።

አንድ ነገር ደግሞ አባትሽን ጠይቂልኝ። ለዓይን ማሳከክ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ጠብታ ገዝተው ያውቃሉ? ይህን የምጠይቀው አንድ ልጅ ስለማይረሳኝ ነው። 19 ዓመቱ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በበጋ ዓይኑን ያሳክከዋል፤ አቧራው ሲነሣ ዓይኑ ደም ይመስላል። አንድ ጊዜ የታዘዘለት ዴክሳሜታዞን የሚባል ጠብታ ቶሎ አሻለው። ከዚያ በኋላ ባዶ ብልቃጡን እያሳየ ለዓመታት ራሱ ገዛው። እኔ ዘንድ ሲመጣ በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ነበር። በሩን ሲገባ ትከሻው መቃኑን መታው፣ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። የፊደል ሰሌዳውን ግን እስከ መጨረሻው መስመር አነበበው። ሁለቱም ዲስኮች 0.9 ነበሩ። እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ፣ ስቴሮይድ የሚባለው ዓይነት ጠብታ በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊት ያወጣል፤ ሳያም፣ ሳያቀላ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። እባካችሁ ልጆቻችሁ የሚጠቀሙትን ብልቃጥ አንብቡ።

ነርቩ የሚጎዳው በግላኮማ ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ የጠርዙን ቀለም አያለሁ። በግላኮማ ጠርዙ ይሳሳል እንጂ የቀረው ብዙ ጊዜ ቀለሙን እንደያዘ ነው። ጎድጓዳው ሳይሰፋ ጠርዙ ራሱ ከገረጣ፣ እንደ ወረቀት ከነጣ፣ ሌላ ነገር ነው የምፈልገው። ነርቩን የተጫነ እጢ ሊሆን ይችላል። የቪታሚን ቢ12 እጥረት፣ ያለፈ የነርቭ ብግነት፣ ወይም ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ሊሆን ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ ከሚሰጡት አንዱ ኢታምቡቶል ነርቩን ሊጎዳ ይችላል። ያኔ ነርቩ መጀመሪያ ላይ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ቀድሞ የሚደበዝዘው ቀይና አረንጓዴን መለየት ነው። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቀለም ከደበዘዘበት ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ለሐኪሙ ይንገር። ዲስኩ ያበጠ ከሆነ፣ በተለይ በሁለቱም ዓይን ከሆነና ራስ ምታትና ማስመለስ ካለ፣ ያ የአንጎል ግፊት ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ነው የምንልከው። የአባትሽ ወረቀት ላይ መገርጣትም ማበጥም አልተጻፈም። ቢሆንም ከሐኪሙ አፍ ስሚው።

ሞራ ያለባቸው ከሆነ ደግሞ ነርቩን ማየት ይከብዳል። ሁሉም ሰው «ሞራው ይነሣልኝ» ይላል፤ ከተነሣም በኋላ ብርሃኑ ያልመጣለት አለ፣ ከኋላ ያለው ነርቭ ቀድሞ ሞቶ ስለነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በባትሪ አንዱን ዓይን ከሌላው እያፈራረቅን ብሌኑን የምናየው ለዚህ ነው። ነርቩ የተጎዳው ዓይን ላይ መብራቱ ሲመጣ ብሌኑ መጥበብ ሲገባው ይሰፋል። ባትሪ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሁሉ እንዲለመድ የምመኘው ምርመራ ነው።

እንግዲህ ምን ታድርጉ? ጠብታውን ያዘዘው ያያቸው ሐኪም ነው፤ እኔ ከሩቅ ሆኜ አላስቆምም። ይጀምሩ። ነገር ግን የዕይታ ስፋት ምርመራ ካልተሠራላቸው ይሠራ። ማሽኑ በባሕር ዳርም በጎንደርም አለ፤ የት እንደሚሠራ ሐኪማቸው ይነግራችኋል። የዕይታ ስፋታቸው በየስንት ጊዜው እንደሚለካ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚታዩም ጠይቂ። ብሌን ማስፊያ ጠብታ ሲደረግላቸው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ቅርቡ ይደበዝዛል፣ ብርሃን ያስቸግራል። የሐይቁ ነጸብራቅ በእኩለ ቀን እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ብቻቸውን ጀልባ እንዳይሳፈሩ፤ አብረሻቸው ሂጂ፣ ባርኔጣ ያድርጉ።

ማታ ማታ የሚለው ላታኖፕሮስት ይመስለኛል፤ ስሙን ከብልቃጡ አረጋግጪ። ላታኖፕሮስት ከሆነ ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ከተከፈተ በኋላ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ጥላ ቦታ ለ4 ሳምንት ይቆያል። ዘጌ ፍሪጅ ከሌለ አንድ አንድ ብልቃጥ ብቻ ግዙ። የቆርቆሮው ሙቀት በማይደርስበት፣ እንስራው አጠገብ ይቀመጥ። አንድ ጠብታ ይበቃል። ጠብታውን ካደረጉ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው የዓይናቸውን ጥግ በአፍንጫ በኩል ለ2 ደቂቃ ጫን ያድርጉት። ወደፊት ቲሞሎል የሚባለው ሌላ የግላኮማ ጠብታ ከተጨመረላቸው ደግሞ አስም ወይም የልብ ምት መዝገም ካለባቸው አስቀድመው ይናገሩ። ይህን መደበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

ስለ ጸበሉ። እምነታቸው ነው፣ ይግቡ። እኔም የጣና ገዳማትን ደጅ የማውቅ ሰው ነኝ። ግን «አንዱን እናስቀድም» የሚለውን ተዉት። በጸበል ወራት ጠብታው ከቆመ ነርቩ አይጠብቅም። ብልቃጡን ይዘው ይሂዱ፤ አባቶችም ይህን ሲነገራቸው የከለከለ አላጋጠመኝም። ወደፊት የዓይን ቀዶ ሕክምና ከተሠራላቸው ብቻ፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ውኃ ዓይናቸው ውስጥ አይግባ።

ሥዕሉን አልረሳሁትም። ሐኪሙ ነርቩን ከሣለው ወይም ፎቶ ካነሣው፣ ኦሲቲ የሚባለው የነርቩን ውፍረት በብርሃን የሚለካ ምርመራም ከተሠራ፣ ኮፒውን ለምኚና ቤት አስቀምጪ። አንድ ቀን የታየ ነርቭ ጥያቄ ያስነሣል፤ ከዓመት በኋላ ከዚያው ሥዕል ጋር ሲነጻጸር ነው መልስ የሚሰጠው። ብዙ ሰው ሆስፒታል ሲቀይር ባዶ እጁን ይመጣል። ያኔ እኛም ከዜሮ እንጀምራለን፤ ጠርዙ ባለፈው ዓመትም ስስ እንደነበር ወይም ዘንድሮ እንደሳሳ መለየት ያቅተናል። አንድ የስልክ ፎቶም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

አንቺስ? የወላጅ ግላኮማ ልጆች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸውን ያሳድጋል፤ እንደኛ ያለ ጥቁር ሕዝብ ላይ ደግሞ ቀደም ብሎ ይጀምራል። አርባ እስኪሞላሽ አትጠብቂ። አባትሽን ይዘሽ በሄድሽበት ቀን ራስሽም ካርድ አውጪ፤ ወንድምና እኅቶች ካሉሽም ይዘሻቸው ሂጂ። «ግፊቴን ለኩኝ» ብቻ አትበዪ። «ነርቤን ብሌኔን አስፍታችሁ እዩልኝ» በይ።